ወርቅ እጅ የማን እጅ ነበር

ጥቅምት 14 ቀን

በሩቅ ላለኸው ለእህቴ ልጅ፣

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። ባለቤትህና ልጅህ ደኅና ናቸው? ሊፍት ጥገናው እንዴት ይዞሃል? ፈጣሪ ከከፍታውም ከጉድጓዱም ይጠብቅህ። እኛ አለን፣ መኖር ከተባለ። እናትህን ከቀበርናት ዛሬ አሥራ ዘጠኝ ቀን ሆነ። ፈቃድ ከልክለውህ ሳትመጣ መቅረትህን አልወቅስህም፤ ደጋግመህ ይቅርታ ጠይቀሃል፣ ይበቃል። የምወቅስህ በሌላ ነገር ነው። በስልክ እንዳልነግርህ ስናደድ ወይ መስመሩ ይቆረጣል ወይ አንተ ትቆርጠዋለህ። ወረቀት ግን ሰው እስኪጨርስ ያዳምጣል።

የላክኸው የሕይወት ታሪክ በቀብሯ ላይ ተነበበ። ያነበበው ጎረቤታችን አስተማሪው ነው፤ ድምፁ ያምራል፣ መነጽሩን አድርጎ እያንዳንዷን ነጥብ አክብሮ አነበበው። «የተወደዱ ሚስት፣ እናትና አያት» አለ። «ደግ፣ ትሑት፣ ሰው አክባሪ» አለ። ቀጥሎ «ታዋቂውን ልብስ ሰፊ ባለቤታቸውን በሥራቸው ያግዙ የነበሩ» አለ። ጆሮዬን አላመንኩትም። አጠገቤ የቆመችውን ሴት «ምን አለ?» ብዬ ጠየቅኳት። «ያግዙ ነበር አለ» አለችኝ። እዚያው ቆሜ ደሜ ፈላ።

አርባ አንድ ዓመት ያግዙ ነበር? ልጄ፣ ሱቁ ጠፍቶብህ ከሆነ ላስታውስህ። ከፊት ረጅሙ መስታወት አለ። አባትህ ሜትሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ የሚቆምበት ምንጣፍ አለ። በሩ ላይ «ወርቅ እጅ ልብስ ስፌት» የሚል ሰሌዳ አለ። ከዚያ አረንጓዴው መጋረጃ። ከመጋረጃው ኋላ የመቁረጫው ጠረጴዛ፣ ሁለት የስፌት መኪና፣ ካውያው፣ እናትህና የቁልፍ ቀዳዳ የምሠራው እኔ። ደንበኛ ሲመጣ አባትህ ይለካና ቁጥሩን ጮክ ብሎ ይጠራል። ሰው ያ ድምፅ የሙያ ኩራት ይመስለው ነበር። የሚጠራው ለእሷ ነው። እትዬ፣ እናትህ፣ በመጋረጃው ጠርዝ ሰውየውን አንዴ ታየዋለች፣ የአባትህን ቁጥር ትሰማለች፣ ከዚያ ደብተሯ ላይ የራሷን ትጽፋለች። እሱ ለክቶ ይሳሳታል፣ እሷ አይታ ልክ ትሆናለች። ጨርቁን የምትቆርጠው እሷ፣ ትከሻውን የምታስቀምጠው እሷ፣ ኮሌታውን የምታስተኛው እሷ። አባትህ ቀጥ ያለውን ስፌት ይሰፋል፣ ቁልፍ ይተክላል፣ ደንበኛ ያስቃል። በማሳቁ እውነት ለመናገር ወደር የለውም።

ደግሞ «ትሑት» ብለሃል። ሰው ሁሉ ዝምተኛ ናት ይላት ነበር፤ አፏ ስፒል ይዞ ነው። ስፒሉን ስትተፋ የሚወጣውን ነገር የምናውቅ እናውቀዋለን።

አሁን ደግሞ ለመቃብሯ ድንጋይ የሚቀረጸውን ቃል ልከሃል። ያው ነው፣ «የተወደዱ ሚስት፣ እናትና አያት»። ወረቀቱ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፣ ለጠራቢው አልሰጠሁትም። ከስሟ ሥር «ልብስ ቆራጭ» ተብሎ ይጻፍ። እኔው እንዳልጨምረው ጠራቢው «ያዘዘው ሰው በእጁ ካልጻፈልኝ አንድ ፊደል አልነካም» ይላል። ድሮ ሁለት ወንድማማቾች በአንድ ድንጋይ ተጣልተው እሱን ፍርድ ቤት ሲያመላልሱት ኖረዋል። ያዘዝከው አንተ ነህና አስተካክለህ ላክልኝ።

ጤናውን ያብዛልህ።
አክስትህ


ኅዳር 3 ቀን

ለውድ አክስቴ፣ ለቁልፌ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ ተሻለሽ? ዓይንሽስ? እኛ ጋ ሁሉም ሰላም ነው። ልጄ የልብስ ሥራ ትምህርት ቤት ከገባች ሁለተኛ ወሯ ነው። ጣቶቿ በመርፌ አልቀዋል፤ ግን ደስተኛ ናት፣ የምታወራው ስለ ጨርቅ ብቻ ሆኗል።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ልክ ነሽ፣ ጽሑፉ አጭር ነው። የጻፍኩት ሥራ ላይ ሆኜ ነው፤ አሥራ አንድ ፎቅ ሕንፃ አናት ላይ፣ የሊፍቱ ሞተር ያለበት ክፍል ውስጥ፣ የመሣሪያ ሳጥኔ ላይ ተቀምጬ። ከታች ሰው ሊፍቱ መቼ ይሠራል እያለ ይጮህብኛል። ለሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚጻፈው፤ ክፉ ቃል ያለበት አይመስለኝም።

እማዬ በሕይወቷ ሰው ፊት መታየት አትወድም ነበር። ዛሬ ድንጋይ ላይ ለምን እናወጣታለን? አባዬ ሰባ ስምንት ዓመቱ ነው፣ ብቻውን ነው፣ በየማለዳው ሱቁን ከፍቶ መቀመጥ ነው የቀረው ነገር። ያንን እንዳትነኪበት እለምንሻለሁ። ወረቀቱን ለጠራቢው ስጪውና ሲያልቅ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። ሌላውን ሆድ ይፍጀው።

የሚወድሽ፣ ልጅሽ


ኅዳር 17 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣

ሰላም ላንተና ለቤተሰብህ ይሁን። ለልጅህ ጣት ደረቅ ሳሙና ላይ መርፌውን እየወጋች ትጠቀም በላት፣ ይለሰልስላታል። እንዲህ ያለችኝ እናትህ ናት።

ሆድ ይፍጀው አልክ። የእኛ ሆድ ስንቱን ፈጅቶ ይችላል? «መታየት አትወድም ነበር» የምትለውን ከየት አመጣኸው? እስቲ መጋረጃው እንዴት እንደተሰቀለ ልንገርህ፣ ያን ጊዜ አልተወለድክም።

የእኛ አባት ሰፊ ነበር። ወንድ ልጅ ስላልነበረው መቀሱን ለትልቋ አስረከባት፤ በአሥራ አራት ዓመቷ ኮት ትቆርጥ ነበር። አባትህን ስታገባ እሱ ሱሪ ማሳጠር የሚችል፣ ቆንጆ፣ ተጫዋች ልጅ ነበር። ሱቁን በከፈቱ በዓመቱ የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ለልጁ ሠርግ የሚለብሰውን ሱፍ ጨርቅ አመጣ። አባትህ እኔ ልቁረጠው አለ። ቆረጠ። ጨርቁን መገልበጥ ረስቶ ሁለት የግራ እጅጌ ቆረጠ። ሌላ እንዳይገዛ ያንን ጨርቅ የትም አታገኘውም። አባትህ መሬት ላይ ተቀመጠ። እትዬ ከኮቱ እጥፋትና ከገበሩ ሥር ቁርጥራጭ ለቃቅማ፣ እጅጌውን በብብቱ በኩል ቀጥላ፣ ቅጥሉን የጨርቁ መስመር ውስጥ ደበቀችው። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት መስታወቱ ፊት ዞረ፣ እጁን አነሳ፣ አወረደ። «ይህ ወርቅ እጅ ነው» ብሎ የአባትህን እጅ ጨበጠ። ስሙ የመጣው ከዚያ ነው። የሷን ጥገና አይቶ የሱን እጅ ጨበጠ።

በሳምንቱ አንድ ሌላ ደንበኛ ሲገባ እትዬን መቀስ ይዛ ጠረጴዛው ላይ አገኛት። «ሴት የቆረጠችው ሱፍ ለብሼ ሰው ፊት አልቆምም» ብሎ ጨርቁን አንስቶ ወጣ። በማግስቱ መጋረጃው ተሰቀለ። ምስማሩን የመታው አባትህ ነው። መታየት ያልወደደችው እሷ አይደለችም፤ እንድትታይ ያልወደደው ሌላ ነው።

አሁን ወደ ዛሬው ልምጣ። አባትህ ሱቁን ከፍቶ ዳኛውን አስተናገደ። ታውቀዋለህ፣ ሠላሳ ዓመት ደንበኛችን ነው፣ ከእኛ ውጭ ልብስ ለብሶ አያውቅም። ኮት አዘዘ። አባትህ እምቢ ማለት ሲገባው ለካ፣ ቁጥሩን እንደ ልማዱ ጮክ ብሎ ጠራ፤ የሚሰማው የለም። ራሱ ቆረጠው። ዳኛው ሲለብሰው ኮሌታው ከአንገቱ ርቆ ይቆማል፣ ጀርባው ላይ ኩርባ ያወጣል፣ ቁልፉ አይደርስም። አባትህን አቅፎት ወጣና «ሐዘን እጁን ሰበረው» ብሎ አወራ። አሁን ሰፈሩ ሁሉ ይህንን ነው የሚያወራው። ሐዘን እጁን ሰበረው። ምኑ ነው የተሰበረው? ያ እጅ እኮ ተቀብሯል።

ደብተሯ እኔ ዘንድ ነው። ከእሷ አፍ ስማ፦

«ዳኛው። ሲለካ ሆዱን ያስገባል። የእውነት ሆዱ ሲቀመጥ ነው። አራት ጨምሪ።»

«የትምህርት ቤቱ ዘበኛ። ቀኝ ትከሻው ወርዷል። ጥጥ አስገቢ፣ ግን እንዳይታወቀው።»

«ሙሽራው። ክሳቱ የፍርሃት ነው። ከሠርጉ በኋላ ይወፍራል፣ ጎኑ ላይ ጨርቅ ተዪለት።»

ይህችን ሴት ነው «ያግዙ ነበር» ያልካት። አንተም የምታውቀውን እንደማታውቅ አትሁን። ከጠረጴዛው ወደ መኪናው ቁራጭ የምታመላልሰው አንተ ነበርክ፤ የጨርቅ ክምር ላይ ተኝተህ ነው ያደግኸው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ወረቀቱ አሁንም ቦርሳዬ ውስጥ ነው።
አክስትህ


ጥር 6 ቀን

ለተከበሩ አክስቴ፣

ለጤናዎ እንደምን አሉ? እኛ ደኅና ነን።

መልስ ያዘገየሁት ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ስለቀደድኩ ነው። አዎ፣ አውቅ ነበር። እንዲያው አውቅ እንደነበር እንዳይጠራጠሩ አንድ ነገር ልንገርዎ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ ትምህርት ቤት አስተማሪዋ የአባትና የእናት ሥራ አስመዘገበችን። «እናቴ ኮት ትቆርጣለች፣ አባቴ ቁልፍ ይተክላል» አልኩ። ክፍሉ በሳቅ አለቀ። ነገሩ ቤት ደረሰ። አባዬ አልመታኝም። ሦስት ቀን ሱቁን አልከፈተም፣ ወደ ግድግዳ ዞሮ ተኛ። በሦስተኛው ቀን እማዬ ከትምህርት ቤት በር ላይ ወሰደችኝና መንገድ ላይ ቆማ አገጬን ይዛ «የምንበላው ከአባትህ ስም ነው፤ ሁለተኛ ከመጋረጃው ኋላ ያለውን እንዳታወጣ» አለችኝ። አስማለችኝ። በማግስቱ አስተማሪዋ ፊት ቆሜ «ዋሽቼ ነው» አልኩ። ስለዚህ የሕይወት ታሪኩን ስጽፍ የጻፍኩት እሷ ያስተማረችኝን ነው። የእናቴን ቃል ጠበቅኩ። እርስዎ ማን ሆነው ነው የሚያፈርሱት?

ደግሞስ እርስዎ የት ነበሩ? አርባ አንድ ዓመት ከጎኗ ተቀምጠው ቁልፍ ቀዳዳ ሲሠሩ አንድ ቀን መጋረጃውን ገልጠው ያውቃሉ? አሁን እሷ ከሞተች፣ አባዬም ከደከመ በኋላ ነው ድፍረቱ የመጣው? ይቅርታ ያድርጉልኝና ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

አባቴ በሕይወት አለ። ለሞተችው ክብር ብለው በቁሙ እንዲቀብሩት አልፈቅድም። ወረቀቱን እንዳለ ለጠራቢው ይስጡት። ደብተሩን ለማንም አያሳዩ፤ ለሁላችንም የሚበጀው ቢቃጠል ነው።

አክባሪዎ


ጥር 20 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣

ሰላም ብያለሁ።

በእጄ ያሳደግኩህ፣ ቁልፌ እያልክ የምትጠራኝ ልጅ እርስዎ አልከኝ። ደግ፣ ተቀያይመናል ማለት ነው። ውሻም ብለኸኛል። ይሁን፣ ዘግይቶም ቢሆን የጮኸው ውሻ እኔ ነኝ፤ አንተማ አሁንም ዝም እንዳልክ ነህ። ግን ጅቡ ማን እንደሆነ አልነገርከኝም። አባትህ ከሆነ እኔ እንዲህ ብዬ አላውቅም፣ አንተ ነህ ያልከው።

የት ነበርሽ ላልከኝ እመልሳለሁ። እዚያው ነበርኩ። አባትህ ምስማሩን ሲመታ ወንበሩን የያዝኩለት እኔ ነኝ። የበላሁት ከዚያው ነው፣ የለበስኩት ከዚያው ነው፣ ዝም ያልኩትም ለሆዴ ነው። እንዲህ ብዬ ስጽፍልህ የሚያቃጥለኝ እንዳይመስልህ፤ ሲያቃጥለኝ የኖረ ነው። ነገር ግን የእኔ ጥፋት የእሷን ሥራ ለአባትህ አያደርገውም። እኔን ስደበኝ፣ ድንጋዩ ላይ ግን እውነቱን ጻፍ።

ቃሏን ጠበቅኩ ትላለህ። የምትበላበትን ስም ለመጠበቅ ነበር ያስማለችህ። ዛሬ ማን ነው ከዚያ ስም የሚበላው? አንተ ሊፍት ትጠግናለህ። እኔ ጥርሴ አልቋል። እሷ ሞታለች። መሐላው እኮ ከሆዳችን ጋር አልቋል።

አንተ ያልነገርከኝ ሌላ ነገር አለ፣ ወይም አታውቀውም። ልጅህ ለአያቷ ደብዳቤ ልካለች። ለእናትህ አይደለም፣ ለአባትህ። የአባትህ ዓይን ስለደከመ ያነበብኩለት እኔ ነኝ። ያን ግራጫ ካፖርት ታነሳለች፤ እናትህ ልጅቷን በአካል አይታት ሳታውቅ፣ ከላክሃቸው ሦስት ፎቶዎች ብቻ አይታ የቆረጠችላትን። በትምህርት ቤት መምህሮቿ ገልብጠው አይተው ማን ሠራው ብለዋታል። «ወንድ አያቴ ነው ብያቸዋለሁ» ትላለች። «አያቴ፣ ከፎቶ ላይ የሰውን ትከሻ እንዴት ነው የምታየው? አስተምረኝ፣ ይህን ሙያ ካንተ ነው የወረስኩት» ትላለች። እስከ መጨረሻው አነበብኩለት። አባትህ ወረቀቱን ከእጄ ወስዶ አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። ምሳ አልበላም። «ምን ብዬ ልመልስላት?» አለኝ። «የምታውቀውን» አልኩት።

ተመልከት እንግዲህ። መጀመሪያ ለደንበኛ ዋሸን። ቀጥሎ አንተን አዋሸንህ። አሁን ደግሞ የሴት አያቷን እጅ የያዘች ልጅ ከማን እንደወረሰችው ሳታውቅ ልታረጅ ነው። አንተ አባት ነህ፣ እዚያው አንድ ጣሪያ ሥር ነህ፣ ካፖርቱንም ታውቀዋለህ። እንዴት ዝም አልካት?

ደብተሩን አላቃጠልኩም። አላቃጥለውምም።
አክስትህ


የካቲት 28 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣

አልመለስክልኝም። ደኅና ሁን ብቻ፣ ክፉ አይንካህ።

ይህን የምጽፍልህ ልወቅስህ አይደለም፣ የሆነውን እንድታውቀው ነው። ባለፈው ሐሙስ ዳኛው ኮቱ ይስተካከልልኝ ብሎ መጣ። አስተማሪው ሱሪ ሊወስድ መጥቶ ተቀምጧል፣ የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ልጅም አለ። አባትህ ሜትሩን ከአንገቱ አወረደና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ከዚያ ለዳኛው «ጌታዬ፣ እኔ ለእርስዎ ኮት ሠርቼ አላውቅም። ይህ የተበላሸው ነው የመጀመሪያዬ» አለው። ሌሎቹን ሁሉ ሚስቱ እንደቆረጠች፣ ቁጥር የሚጠራው ለእሷ እንደነበር፣ ወርቅ እጅ መባል የሚገባት እሷ እንደነበረች ቀጥ ብሎ ቆሞ ተናገረ። እኔ ቁልፍ ቀዳዳውን ትቼ መጋረጃውን ገልጬ ወጣሁ። እንዲህ ያለ ቀን አያለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም።

ምን እንዳሉ ታውቃለህ? ዳኛው ዓይኑ እንባ ሞላ። አቀፈው። «ሠላሳ ዓመት ፍርድ ስሰጥ እንዳንተ ያለ ባል አላየሁም፤ ሙያህን እንኳ ለሷ ሰጠሃት» አለው። አስተማሪው «ፍቅር ማለት ይህ ነው» አለ። አባትህ «እውነቴን ነው» ይላል፣ እነሱ ትከሻውን መታ መታ ያደርጉታል። እኔ «እውነቱን ነው፣ አርባ አንድ ዓመት አይቻለሁ» አልኩ። «አንቺም እህቷ ነሽ፣ ሐዘኑ ነው» አሉኝ። ሮጬ ደብተሩን አመጣሁ። ዳኛው ስለ ሆዱ የተጻፈውን አነበበና ሳቀ፤ «ወይ ወርቄ፣ አንተ እየነገርካት ስትጽፍልህ ነዋ» አለ። ከሰዓት በኋላ ወሬው ሰፈሩን አዳርሶ ነበር። ከሰኞ ጀምሮ ሰው ሲያገኘው ኮፍያውን እያነሳ ነው። የሷን ሥራ ወስዶ ተመሰገነ፣ ዛሬ ደግሞ ልመልስ ሲል ጭራሽ ተመሰገነ። በል ይህን ምን ትለዋለህ? እኔ በዕድሜዬ እንዲህ ተናድጄ አላውቅም።

ሰዎቹ ሲወጡ አባትህ የደንበኛው ወንበር ላይ ተቀመጠና አለቀሰ። በቀብሯ ቀን ያላለቀሰውን። «አርባ አንድ ዓመት ስዋሽ አመኑኝ፣ አንድ ቀን እውነት ብናገር አላመኑኝም» አለኝ። ቀላል ቅጣት እንዳይመስልህ። አሳዘነኝ፤ እውነቱን ልንገርህ ትንሽም ደስ አለኝ።

በማግስቱ ሁለታችን ጠራቢው ዘንድ ሄድን። አባትህ «ልብስ ቆራጭ» ብለህ ጻፍ አለው። ጠራቢው ድንጋዩን እየወለወለ «አባቴ፣ ስለ ደግነትዎ ሰምቻለሁ፤ ያዘዘው ግን ልጅዎ ነው» አለ። ስለዚህ ባልም እህትም ተናግረን አልበቃንም። የሞተ ነው የተጎዳው ይላሉ፣ እውነት ነው። ከአንተ በቀር ምስክር የላትም። አንድ ጊዜ በዘጠኝ ዓመትህ እውነቱን ተናግረህ ነበር።

አክስትህ


መጋቢት 15 ቀን

ለውድ አክስቴ፣ ለቁልፌ፣

ፈጣሪ ዕድሜና ጤና ይስጥሽ፣ ለአባዬም ብርታቱን። ውሻ ያልኩሽን ይቅር በዪኝ። ያ ቃል ከተጻፈ ወዲህ እንቅልፍ ነስቶኛል።

ደብዳቤሽን ሥራ ላይ ሆኜ አነበብኩት። ሁለት ሰዎች በሊፍት ውስጥ ቆመው እየጠበቁኝ ነበር፤ አስጠበቅኳቸው። ስለ ዳኛው ያለውን ስደርስበት ያንን ክፍል ሙሉ ሳቅ ሰማሁት፤ የልጅነቴን ሳቅ። ያኔም እውነት ተናግሬ ነበር የሳቁብኝ። እኔ ግን ውሸት የተናገርኩ መሰለኝና ዕድሜዬን ሙሉ አፍሬበት ኖርኩ። አክስቴ፣ ተናደድኩ። መጀመሪያ በዳኛው፣ ቀጥሎ በአባዬ፣ ቀጥሎም በእማዬ፣ አዎ በእሷም፣ አገጬን ይዛ ስላስማለችኝ። መጨረሻ ላይ የቀረሁት እኔው ነኝ። እነሱ ለእንጀራቸው ነው የዋሹት። እኔ በሞተር ክፍል ውስጥ ብቻዬን ተቀምጬ፣ የሚያስገድደኝ አንድም ሰው ሳይኖር፣ «ያግዙ የነበሩ» ብዬ በእጄ ጻፍኩ።

ቅዳሜ ለልጄ ነገርኳት። ካፖርቱን አምጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ገበሩን በጣቷ እየዳበሰች እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። እማዬ ፎቶዋን መስኮት ላይ ለጥፋ እንዴት ታያት እንደነበር፣ በወፍራም የክረምት ልብስ ሥር የሚገኘውን ትከሻዋን እንዴት እንደገመተች፣ አንቺ ያጫወትሽኝን ሁሉ ነገርኳት። አላለቀሰችም። «አያቴ ይህን ስትሠራ ስንት ሰው ያውቅ ነበር?» አለችኝ። ቆጠርኩ። «ከራሷ ጋር አራት» አልኳት። «ከአራታችሁ አንድ የሚናገር ሰው ጠፋ?» አለችኝና ካፖርቱን ይዛ ክፍሏ ገባች። በሦስተኛው ቀን ደብተሩን ላኪልኝ በልልኝ ብላኛለች። ዋናውን አንቺው ዘንድ አስቀምጪው፣ ቅጂውን አስነስተሽ ላኪላት። ዳኛው ቢስቅ ይሳቅ፤ እሷ ማንበብ ትችላለች፤ የትኛው የቆራጭ ቃል እንደሆነ ትለየዋለች።

ለጠራቢው የሚሆነው ወረቀት ከዚህ ጋር ተያይዟል። በእጄ ጽፌ ፈርሜበታለሁ፣ ጠራቢውን ፍርድ ቤት የሚያመላልሰው የለም። የመጀመሪያውን ቅደጂው። እንዲህ ይላል፦

«ልብስ ቆራጭ። አርባ አንድ ዓመት በዚህ ሰፈር የተለበሰውን ሁሉ የቆረጠች። ወርቅ እጅ የእሷ እጅ ነበር። ይህን ልጇ አይቶ ይመሰክራል። የተወደዱ ሚስት፣ እናትና አያት።»

ጠራቢው በዛብኝ እንደሚል አውቃለሁ። አንድ ፊደል እንዳይቀንስ ንገሪው። ድንጋዩ አልበቃ ካለው ግን «የተወደዱ» የምትለዋን ይተዋት። ከሞተ በኋላ ያልተወደደ ሰው የለም።

ልጅሽ